ሜዳውም ይኸው፣ ፈረሱም ይኸው፦ ዊንክስ አስኮት ባለመሄዷ ለምን ትወቀሳለች?

ስለ ዓለም ታላላቅ የሩጫ ፈረሶች ክርክር በተነሳ ቁጥር አንዲት የማትቀር ዓረፍተ ነገር አለች። «ዊንክስ ጎበዝ ናት፤ ግን ከአውስትራሊያ ወጥታ አታውቅም» ትባላለች። ዛሬ ሙግቴ ከዚህች «ግን» ጋር ነው።

በቅድሚያ ባዝራዋን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ዊንክስ እ.ኤ.አ. በ2011 አውስትራሊያ ውስጥ ተወለደች። አባቷ ስትሪት ክራይ በ2002 የዱባይን የዓለም ዋንጫ ያሸነፈ ድንጉላ ነው። በ2013 በጨረታ በ230 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ተሸጠች። አሰልጣኟ ክሪስ ዋለር፣ አብዛኛውን ጊዜ ጋላቢዋ ደግሞ ሂዩ ቦውማን ነበሩ። በሣር ሜዳ 43 ጊዜ ሮጣ 37 ጊዜ አሸነፈች። ከሜይ 2015 ጀምሮ በኤፕሪል 2019 ጡረታ እስከወጣችበት ቀን ድረስ በተከታታይ 33 ውድድር ሮጣ የቀደማት ፈረስ የለም። ከድሎቿ 25ቱ ግሩፕ አንድ በሚባለው በከፍተኛው ደረጃ የተገኙ ናቸው። ሜልቦርን ላይ በ2040 ሜትር የሚካሄደውን ኮክስ ፕሌትን ከ2015 እስከ 2018 አራት ዓመት በተከታታይ ወሰደች። ከእሷ በፊት አራት ጊዜ ያሸነፈው ፈረስ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ተዘርዝሮ ሲያበቃ ነው እንግዲህ «ግን» የምትመጣው። እንግሊዝ አገር ሮያል አስኮት ሄዳ ካልተፈተነች ሙሉ ታላቅነት አይሰጣትም ይሉናል። ባለቤቶቿ በ2018 ጉዞውን አስበውበት ሲተዉት ደግሞ «ፈሩ» ተባሉ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ፍራንክልን የት ነው ያያችሁት?

ፍራንክል ከ2010 እስከ 2012 ድረስ 14 ጊዜ ሮጦ 14 ጊዜ ያሸነፈ የእንግሊዝ ፈረስ ነው። በዓለም አቀፉ የፈረሶች ምዘና 140 ነጥብ ተሰጥቶታል። ድንቅ ፈረስ ነው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ነገር ግን አሥራ አራቱንም የሮጠው እዚያው እንግሊዝ ውስጥ ነው። ባሕር አልተሻገረም፤ ጎረቤት ፈረንሳይ እንኳ አልሄደም። ታዲያ ስለ ፍራንክል ሲወራ «ግን ሜልቦርን ሄዶ አልተፈተነም» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። አንዱ ቤቱ ተቀምጦ ሲያሸንፍ «ንጉሥ» ይባላል፤ ሌላዋ ቤቷ ሆና ስታሸንፍ «ያልተፈተነች» ትባላለች። አንድ ሚዛን ለሁሉም እኩል ካልመዘነ ሚዛን መሆኑ ይቀራል።

ሁለተኛው ክስ «ያሸነፈቻቸው ፈረሶች ደካሞች ነበሩ» የሚል ነው። በእርግጥ ከ33ቱ ውድድሮች ውስጥ ጠንካራ ተፎካካሪ ያልተገኘባቸው ነበሩ። ይህን መካድ አያስፈልግም። ትልልቆቹን ውድድሮች ግን እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

በ2015ቱ ኮክስ ፕሌት ሦስተኛ የወጣው ሃይላንድ ሪል የሚባል ከአየርላንድ የመጣ ፈረስ ነው። ይኸው ፈረስ በ2016 አስኮት ላይ ኪንግ ጆርጅን፣ በ2017 ደግሞ በራሱ በሮያል አስኮት የዌልስ ልዑል ዋንጫን አሸነፈ። በ2016ቱ ኮክስ ፕሌት ሃርትኔል ሁለተኛ ወጣ፤ ዊንክስ በስምንት የፈረስ ርዝመት ጥላው ሄደች። ሃርትኔል በ2014 እንግሊዝ እያለ የሮያል አስኮት አሸናፊ ነበር። በ2018 ደግሞ የዱባዩ ጎዶልፊን ቤንባትልን ላከ። ቤንባትል በ2017 ሮያል አስኮት ላይ፣ በ2018 ዱባይ ላይ ያሸነፈ ፈረስ ነው። እሱም ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ።

እንግዲህ ቁጠሩ። ሦስት የሮያል አስኮት አሸናፊዎች፣ በሦስት የተለያዩ ዓመታት፣ ጀርባዋን እያዩ ገቡ። ዊንክስ አስኮት አልሄደችም፤ አስኮት ግን ወደ እሷ መጥቷል። አባቶች «ሜዳውም ይኸው፣ ፈረሱም ይኸው» የሚሉት ለዚህ ነው። ሜዳው ክፍት ነበር፤ የመጣ ሁሉ ሞክሯታል።

እዚህ ላይ ብልጥ ተከራካሪ «እነዚያ ፈረሶች እኮ ግማሽ ዓለም አቋርጠው ነው የመጡት፤ ደክሟቸው ይሆናል» ይላል። መልካም። ረጅም ጉዞ የፈረስን አቅም ይሰርቃል ካልን፣ ያው ጉዞ የዊንክስንም አቅም ይሰርቅ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ደክማ ብትሸነፍ ስለ ፍጥነቷ ምን ይነግረናል? ጉዞ የሚያደክመው ፈረሱ ከአውሮፓ ሲነሳ ብቻ ነው ብሎ መከራከር አይቻልም።

የጉዞውን ዋጋ ደግሞ ከግምት ሳይሆን ከታሪክ እናውቀዋለን። ብላክ ካቪያር የምትባለው ሌላዋ የአውስትራሊያ ባዝራ 25 ጊዜ ሮጣ 25 ጊዜ ያሸነፈች ናት። በጁን 2012 ያንን «ማረጋገጫ» ለማምጣት አስኮት ድረስ ተወሰደች። ጋላቢዋ መጨረሻው መስመር ሳይደርስ ስላላላባት በጭንቅላት ልዩነት ለጥቂት አሸነፈች። ከውድድሩ በኋላ ስትመረመር ጡንቻዋ ተቀዶ ተገኘ። ባዝራዋ እየታመመች ነው የሮጠችው። ታዲያ ከዚያች ቀን በኋላ ፍጥነቷ ጨመረ? ከዚያ በፊት የነበሩት ድሎቿስ ያን ጊዜ ነው እውነት የሆኑት? የዊንክስ ሰዎች ይህ ሁሉ በሆነ በስድስት ዓመቱ «አይሆንም» ቢሉ ፍርሃት ነው ወይስ ከሌላው መማር?

«ገንዘብ ይዟቸው ነው» የሚሉም አሉ። የ2018ቱ ኮክስ ፕሌት ሽልማት 5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ነበር፤ በሮያል አስኮት ከሚሰጠው ሁሉ ይበልጣል። ባዝራዋ በዕድሜዋ ከ26 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። አዎ፣ በገንዘብም አገሯ መቆየቷ ያዋጣል። ነገር ግን ሻምፒዮን ፈረስ ከፍተኛ ሽልማት ባለበት፣ ጠንካራ እንግዶች በሚመጡበት ሜዳ መሮጡ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው? ፍራንክልም ያደረገው ይህንኑ ነው።

ለነገሩ መዛኞቹ ራሳቸው ፍርዳቸውን ሰጥተዋል። በ2018ቱ የዓለም ምዘና ዊንክስ ከአውሮፓው ክራክስማን ጋር እኩል 130 ነጥብ አግኝታ የዓመቱ ቀዳሚ ሆናለች። ክራክስማን ደግሞ በዚያው ዓመት አስኮት ላይ የቻምፒየን ስቴክስ አሸናፊ ነበር። ባለሙያዎቹ ሜዳና ክብደት፣ ሰዓትና ተፎካካሪ አመዛዝነው እኩል ናቸው ካሉ፣ የአየር ትኬት የሚጠይቃት ማን ነው?

ቁም ነገሩ ከፈረስም ያልፋል። በዓለም ላይ አንዳንድ ሜዳዎች ፈታኝ፣ ሌሎቹ ተፈታኝ ብቻ ሆነው እንዲኖሩ ተደርጓል። ፈታኙ ቤቱ ተቀምጦ ውጤት ይሰጣል፤ ተፈታኙ በራሱ ወጪና በራሱ ጉዳት እየተጓዘ «እኔም አለሁ» ይላል። ያልሄደ እንደሌለ ይቆጠራል። ይህን ልማድ አንድ ሰው ለራሱ መርጦ ቢቀበለው የራሱ ጉዳይ ነው። ፈረስ ግን አትመርጥም። አውሮፕላን ውስጥ የምትገባው፣ ጡንቻዋ የሚቀደደው፣ በሰዎች የክብር ክርክር ምክንያት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ጉዞ የታላቅነት መስፈርት ከሆነ ከፍራንክል እንጀምር። መስፈርት ካልሆነ ያቺን «ግን» ከዊንክስ ስም አጠገብ አንሷት። 33 ጊዜ በተከታታይ ተጠርታ 33 ጊዜ አንደኛ የገባች ባዝራ ቀሪ ዕዳ የለባትም። ዕዳው ሚዛኑን በያዙት ላይ ነው።