«የፖርቱጋል ድልድይ» የማን ነው?

ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ ቁልቁል ይወርድ ለነበረ የቦረና ገበሬ የጎጃም ማዶ ለዓይን ቅርብ፣ ለእግር ሩቅ ነበር። ክረምት ሲገባና ዓባይ ሲሞላ ዝምድናውም ንግዱም እስከ ጥቅምት ይቆረጥ ነበር። የድልድይን ዋጋ ከዚህ ሰው የበለጠ የሚያውቅ የለም። የድልድይን ታሪክ ከመጽሐፍ ብቻ የጠየቀ ግን «ፖርቱጋሎች ሠሩት» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል።

በዚያው ወንዝ ላይ፣ ሽቅብ፣ የሞጣን አገር ከእስቴ የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ፣ በአፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት ነው። ይኸው ፋሲል የኢየሱሳውያንን ማኅበር ካህናት በ1633 እና በ1634 ከአገር አስወጥቷል። ካህናቱ ከተባረሩ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ የታነጸን ድልድይ በምን ሒሳብ «የፖርቱጋል» ይሉታል? በኖራ የመገንባት ጥበብ በሱስንዮስ ዘመን በባዕዳን በኩል መስፋፋቱ አይካድም። ታዲያ የተማረ እጅ ሁሉ የአስተማሪው ንብረት ነውን? ድንጋዩን ፈልጦ፣ ኖራውን አቃጥሎ፣ ገደሉን ተሸክሞ የወረደው ባላገር ስሙ አልተጻፈም፤ ባዶ በቀረው ቦታ ላይ የሌላ ስም ተለጠፈ። መምህሩም ይህንኑ ለተማሪው ያስገለብጣል።

ከስሙ የከፋው ዝምታው ነው። በፋሽስት ወረራ ዘመን አንዱ ቅስት ፈረሰ። ጠላት በ1941 ተባረረ፤ ስብራቱ ግን ቀረ። ከስድሳ ዓመት በላይ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ጎልማሶች ክንድ እየተጎተተ ተሻገረ። በስዊዘርላንድ፣ በሉሴርን ከተማ ያለው ጣራ ለበስ የእንጨት ድልድይ በነሐሴ 1993 ተቃጥሎ በሚያዝያ 1994 ታድሶ ተከፈተ። ስምንት ወር! የሀብት ልዩነት ነው የሚል ይኖራል። ሰባራውን በ2002 በብረት የጠገኑት ግን ጥቂት በጎ ፈቃደኞችና የአካባቢው ሕዝብ ናቸው። ኬን ፍራንትዝ የተባለው አሜሪካዊ ለሥራው የተነሣው የገመዱን መሻገሪያ በመጽሔት ፎቶግራፍ አይቶ ነው።

በፎቶግራፍ! ስለ ዓባይ ያልተቀኘ ባለቅኔ፣ ያላዜመ ድምፃዊ በዚህ አገር ጥቂት ነው። ግርማውን አወደሱ፤ ኮብላይነቱን ወቀሱ። በገመዱ ላይ የተንጠለጠለውን ሰው ግን የባዕድ ካሜራ ቀድሟቸው አየው።

የብረቱን ጥገና ጎርፍ በ2005 ወሰደው፤ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተተካ። ባላገሩ አሁንም ቦታውን «ሰባራ ድልድይ» ብሎ ይጠራል። በጥቁር ሰሌዳው ላይም መጻፍ ያለበት ይኸው ስም ነው፤ ከሥሩም የገመዱ ዓመታት።