መጣ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

ወደ ብሪታንያ የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ ስለሚመጡ ሕመምተኞች «ጆብሴንተር ድረስ መምጣት የቻለ ሰው መሥራትም ይችላል» ብለው ለጻፉት ጸሐፊ፦ የሃያ ደቂቃ ቀጠሮና የስምንት ሰዓት ፈረቃ በየትኛው ሚዛን እኩል ሆኑልዎ? ሕመምተኛው የመጣው ስለተሻለው ሳይሆን፣ ያለ በቂ ምክንያት ቀረ ከተባለ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለው የመንግሥት ድጎማ ሊቆረጥበት ስለሚችል ነው። ማስታገሻ ውጦ፣ የአውቶቡሱን ብረት ሙጥኝ ብሎ ደረሰ። እርስዎ በበሩ ሲገባ አዩት፤ ቤቱ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ላይ መውደቁን ግን አላዩም።

ደግሞስ ከ2010 ጀምሮ የብሪታንያ ሐኪም ወረቀት የሚለው «ለሥራ ብቁ አይደለም» ወይም «ሁኔታው ከተመቻቸለት ሊሠራ ይችል ይሆናል» ነው። ከቤት አይውጣ አይልም! በዚሁ ድጎማ ደንብም የታመመ ሰው ሥራ የመፈለግ ግዴታ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀናት ይነሳለታል፤ ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ በጆብሴንተሩ አማካሪ እጅ ነው። በስልክ ሊያልቅ የሚችለውን ቀጠሮ በአካል ካልሆነ ያለውን ቢሮ ትተው በሽተኛውን መክሰስዎ ነው የገረመኝ።