የማኅበሩ ፒካፕ ሳይሰበር ይጠገን

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው መንገድ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። እህል የጫነ ፒካፕ ይህን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ከወረደ ሸራው ይግላል፤ ፍሬኑም ይከዳል። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት እርጥበት ስለሚስብ ሲግል ይፈላል። ይህ አደጋ ለአሮጌው ላንድክሩዘርም ለአዲሱ ሃይሉክስም አንድ ነው።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሦስት ነገሮችን ሊያስፈጽሙ ይገባል። አንደኛ፣ ሾፌሩ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ያስገባ። ሁለተኛ፣ የፍሬን ዘይቱ ቢበዛ በሁለት ዓመት ይለወጥ፤ ሸራው በየሰርቪሱ ይታይ። ሦስተኛ፣ ጥገናው ሁሉ በመዝገብ ይስፈር፤ ወጪውም ከጭነት ገቢ አስቀድሞ ይቀመጥ።

የሸራ ዋጋ ሲቆጥብ ሰውና ንብረት የሚያጣ ማኅበር አተረፈ አይባልም። አባላት ያዋጡበትን መኪና መጠበቅ የመሪው ኃላፊነት ነው።