ቀለም ሲጨፍር ቀለም ሲጠፋ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል ያገሬ ሰው። እኔም ከሥሩ ልጀምር። ቀለም በአማርኛችን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ዓይን የሚያየው ቀዩ፣ ቢጫውና አረንጓዴው ነው። ሁለተኛው ዕውቀት ነው። «ቀለም ቆጥሯል» ስንል ተምሯል ማለታችን ነው፤ «የቀለም ቀንድ» ስንልም ትምህርት የማይከብደውን ብሩህ ተማሪ ማለታችን ነው። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት የመጀመሪያው ቀለም ሁለተኛውን ከስብሰባ አዳራሾቻችን እያባረረው ስለሆነ ነው።

የምናገረው በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ስለሚታየው ስላይድ ነው። ከስላይዱም በላዩ ላይ የተሣሉት ሣጥኖች፣ ክቦችና ቀስቶች በየክሊኩ ቀለማቸውን እንዲለዋውጡ ስለሚደረግበት አኒሜሽን ነው። «ይህም ቁም ነገር ሆኖ መጽሔት ላይ ይወጣል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ትንሽ ይታገሠኝ። በጀት የሚጸድቀው፣ ሐኪም የሚሠለጥነው፣ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚከላከለው፣ የመንገድና የግድብ ሥራ የሚገመገመው ዛሬ በዚሁ ግድግዳ ፊት ነው። ግድግዳው ላይ ዓይናችንን የሚመራ ፍርዳችንንም ይመራል።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ሮበርት ጋስኪንስና ዴኒስ ኦስቲን ፎርሶት በሚባል ትንሽ ኩባንያ ውስጥ የሠሩት ፓወርፖይንት እ.ኤ.አ. በ1987 ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ሲወጣ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ኩባንያውን በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ቀለም የመጣው በማግስቱ ዓመት፣ በ1988 ነው። በስላይዱ ላይ ያለ ቅርጽ ከቦታው ሳይነቃነቅ ቀለሙን እንዲለውጥ የሚያደርጉት የማጉሊያ አኒሜሽኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣው እትም ጋር መጡ። ልብ በሉ! መጀመሪያ ሐሳቡ፣ ቀጥሎ ቀለሙ፣ በመጨረሻ ጭፈራው ነው የመጣው። የዛሬ አቅራቢ ግን ከጭፈራው ይጀምራል፤ ሐሳቡ ጊዜ ከተረፈ ይደርሳል።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ መዘዙም የሚመጣው ከቅለቱ ነው። ሣጥኑን መርጠህ የአኒሜሽኑን ዝርዝር ትከፍታለህ። የሣጥኑ ሆድ ቀለሙን ይለውጥ፣ ወይስ ጠርዙ፣ ወይስ በውስጡ ያለው ፊደል ብለህ ትመርጣለህ። በክሊክ ይነሣ፣ ከፊተኛው ጋር አብሮ ይነሣ፣ ወይስ ከፊተኛው በኋላ በራሱ ይነሣ የሚለውን ትወስናለህ። ስንት ሰከንድ ይፍጅ፣ ስንት ጊዜ ይደጋገም የሚለውን ትሞላለህ፤ አለቀ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «ይህ ሣጥን ለምን ቀይ ሆነ?» የሚል ጥያቄ ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ጥያቄው የአቅራቢው የራሱ ዕዳ ነው። አብዛኛው አቅራቢ ዕዳውን ሳይከፍል ወደ መድረክ ይወጣል።

የሰው ዓይን በድንገት የሚለወጥ ነገር ሲያይ ሳይወድ በግዱ ወደዚያው ይሄዳል። ስለዚህ ቀለም መለወጥ ንግግር ነው። «እዚህ ጋ ተመልከቱ፣ እዚህ አንድ ነገር ሆኗል» ማለት ነው። አንድም ነገር ሳይሆን እንዲህ ማለት ምን ይባላል? በእኔ ቤት ውሸት ይባላል። ባዶ እጁን ጨብጦ «ያዝ እንካ» እያለ ሕፃን የሚያታልል ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በአንድ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት የዓመቱ ሥራ ሲገመገም ተገኝቼ ነበር። የበጀቱ ክብ ስድስት ቦታ ተከፍሏል። ክፋዮቹ በየተራ ከሰማያዊ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ብርቱካናማ ይለዋወጣሉ። አንድ ጡረታ የተቃረቡ የሒሳብ ሰው እጃቸውን አውጥተው፣ «ልጄ፣ ቀይ የሆነው ከዕቅዱ በላይ የወጣበት ነው ወይስ ያልተነካው?» ሲሉ ጠየቁ። ወጣቱ አቅራቢ ፈገግ ብሎ፣ «አይ ጋሼ፣ ለማሳመር ነው» አላቸው። አዳራሹ ሣቀ። እኔ ግን ሣቁ አልመጣልኝም። ሰውየው የጠየቁት የዕለቱን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ከዕቅድ በላይ የወጣው የትኛው እንደሆነም ሳይነገረን ለሻይ ተነሣን።

የእኛ የብራና ጸሐፊዎች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን? እነርሱም እኮ ሁለት ቀለም ነበራቸው፤ ጥቁርና ቀይ። ቀዩ የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት፣ የምዕራፍ መጀመሪያ የሚለይበት ነበር። ጥቁሩን ሲጽፍ ለቀዩ ቦታ እየተወ የሚያልፍ፣ በኋላ ሌላ ብርዕ ይዞ የሚመለስ ጸሐፊም ነበር። ሳይመለስበት ቀርቶ የስሙ ቦታ ባዶ እንደሆነ የኖረ ብራና እስከ ዛሬ ይገኛል። ቀዩን ባልሆነ ቦታ ከማፍሰስ ባዶውን መተው ይሻላል ማለት ነው። ገጹን የሚያይ ሰው ዓይኑ ቀዩ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያገኝ ያውቅ ነበር። እንግዲህ ሥልጣኔ የምንለው ይህን ሥርዓት ጥለን ስድስቱንም ክፋይ ማስጨፈር ከሆነ፣ ወደ ፊት ሄድን ወይስ ወደ ኋላ?

አጉልቶ ማሳየት ከባድ ኃላፊነት መሆኑን በደም የተማሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ስትነሣ ከነዳጅ ታንኳ የተላቀቀ የአረፋ ቁራጭ ግራ ክንፏን መታው። መንኮራኩሯ ገና በጠፈር ሳለች መሐንዲሶች ስለ ጉዳቱ ለናሳ ኃላፊዎች በስላይድ አስረዱ። በአንደኛው ስላይድ ላይ በትልቁ የተጻፈው ርዕስ የሚያረጋጋ ነበር። ዋናው ነገር ከታች በትንሹ ተቀምጧል፤ አረፋው የተላቀቀበት ክፍል መጠን 1,920 ኪዩቢክ ኢንች ሲሆን፣ ቀድሞ ሙከራ የተደረገበት ቁራጭ ግን 3 ብቻ ነበር። 640 እጥፍ! ጥር 24 ቀን 1995 ዓ.ም. መንኮራኩሯ ስትመለስ ሰማይ ላይ ተበታተነች፤ 7 ሰዎች ሞቱ። ያንን ስላይድ አንድ በአንድ የተቸው ኤድዋርድ ተፍቲ ነው፤ አደጋውን የመረመረው ቦርድም ትችቱን በሪፖርቱ ውስጥ አስገብቶታል። ሰዎቹን የገደለው ስላይድ ነው አልልም። የምለው፣ መጉላት የነበረበት ቁጥር አልጎላም ነው። ሁሉ በሚጨፍርበት ስላይድ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሁሉም ከጎላ አንዱም አልጎላም።

ሦስት ክስ ልጨምር። አንደኛው፣ ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች አሉ፤ ቁጥሩ ከሕዝብ ሕዝብ ቢለያይም ከአውሮፓ ዘር ወንዶች መካከል ከ12 አንዱ ገደማ ቀለም የመለየት ችግር አለበት። ሣጥኑ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ሲዞር «አደጋ» ማለትህ ከሆነ፣ ያ ሰው አደጋውን ላያየው ይችላል። ሁለተኛው፣ ስላይዱ ወረቀት ላይ ሲታተም ወይም ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየር ለውጡ አይወጣም፤ ቅርጹ በመጀመሪያ ቀለሙ ይቀራል። በአዳራሹ ቀይ ሆኖ የታየው ጉድለት በፋይሉ ውስጥ እንደ አረንጓዴ ይኖራል። ከሦስት ዓመት በኋላ ፋይሉን የሚያገላብጥ መርማሪ ምን ሊያገኝ ነው? ሦስተኛው፣ በፍጥነት እየተፈራረቀ የሚበራ ቀለም ሰው ያሳምማል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 1997 በጃፓን ቴሌቪዥን በታየ የፖክሞን የካርቱን ፊልም ላይ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ለጥቂት ሰከንዶች ተፈራረቀ፤ ከ600 በላይ ተመልካቾች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ሆስፒታል ገቡ። ለድረ ገጾች የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ በአንድ ሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ ብልጭ የሚል ነገር እንዳይኖር የሚመክረውም ለዚህ ነው።

«እንግዲያው ስላይድ ይቅር በለና!» የሚሉኝ አይጠፉም። አልልም። የአማዞኑ ጄፍ ቤዞስ እ.ኤ.አ. በ2004 ከከፍተኛ ኃላፊዎቹ ስብሰባ ፓወርፖይንትን አስወጥቶ በሐተታ ጽሑፍ ተክቶታል፤ ለእርሱ ሠርቶለት ይሆናል። እኔ ግን የሰውነት ትምህርት የሚያስተምረውን መምህር አስባለሁ። ከልብ የወጣው ደም በሥዕል ልማድ ሰማያዊ ተደርጎ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ሳንባው ጋ ሲደርስ ቀስቱ ቀይ ይሆናል። ተማሪው አየር ያገኘ ደም ምን እንደሚሆን በዚያች ቅጽበት ይገባዋል። እዚህ ላይ የቀለሙ መለወጥ ጌጥ አይደለም፤ ትምህርቱ ራሱ ነው። ሁለቱ ቀለሞች፣ የዓይኑና የዕውቀቱ፣ ተገናኙ። እንደዚሁ አምስት ደረጃ ያለውን ሥራ የሚያስረዳ ሰው፣ የሚናገርበትን ደረጃ ብቻ አድምቆ አራቱን ግራጫ ቢያደርግ አድማጩን መርቶታል እንጂ አላታለለውም።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አቅራቢው ቀለም ከመለወጡ በፊት ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ መናገር ይቻለው። ካልቻለ ይተወው። ከቻለ ደግሞ ያንኑ ቃል ወይም ቁጥር ከሣጥኑ ውስጥ ይጻፈው፤ ቀለም ለማይለየውም፣ ወረቀቱን ብቻ ለሚያገኘውም ይድረስ። በአንድ ስላይድ ላይ ከአንድ ነገር በላይ አያድምቅ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የሚነገር ነገር ያለው ሰው ብልጭልጭ ለምኖ አያውቅም።

ተሰብሳቢውም ከዕዳ ነፃ አይደለም። ዝም ብሎ የሚያጨበጭብ ተሰብሳቢ ነው ይህን ጭፈራ ያሳደገው። በየአዳራሹ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ለምን ቀላ?» ይበል። መልሱ «ለማሳመር» ከሆነ ደግሞ ሁለተኛውን ይጠይቅ፤ «ታዲያ ቀለሙ የታል?»