ቁባው ከመሰቀሉ በፊት ነፋሱ ይሰላ



በየሰፈራችን መስጂድ ሲሠራ ገንዘብ የምትሰበስቡትና ከኮሚቴው ጋር የምትሯሯጡት እናንተ ወጣቶች ናችሁ። ስለ ምንጣፉ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ድምፅ ማጉያው ብዙ እንከራከራለን። «የቁባው የነፋስ ጫና ተሰልቷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከስልካችን ፎቶ አውጥተን ለበያጁ «እንደዚህ ሥራልን» እንላለን።

ብዙዎቻችን ነፋስ ጣሪያን የሚገፋ ብቻ ይመስለናል። ቁባ ላይ ግን ፊት ለፊቱን ሲገፋ አናቱን ወደ ላይ ይስበዋል። በነፋሱ በኩል ያለው በር ክፍት ከሆነ ደግሞ የገባው አየር ከውስጥ ሆኖ ወደ ላይ ያነሳዋል።

ቁጥሩን እንየው። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር የ25 ኪሎ ያህል ጫና አለው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጫናው አራት እጥፍ ሆኖ 100 ኪሎ ይደርሳል። 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆርቆሮ ግን በካሬ ሜትር 4 ኪሎ ያህል ቢመዝን ነው። ስለዚህ ጣሪያውን የሚይዘው ክብደቱ ሳይሆን ብሎኑ፣ ብየዳውና ከኮንክሪቱ ጋር ያሰረው ብረት ነው።

«እዚያ ከተማ እንዲሁ ተሠርቶ ቆሟል» የሚለው ክርክር አያሳምነኝም። እንግሊዝ ውስጥ ፌሪብሪጅ በሚባል ቦታ ከነበሩት 8 የኃይል ማመንጫ ማቀዝቀዣ ማማዎች ሦስቱ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1965 በነፋስ ፈረሱ። ማማዎቹ ተጠጋግተው ሲቆሙ ነፋሱ እንዴት እንደሚለወጥ በዲዛይኑ ላይ በቂ ግምት አልተሰጠውም ነበር። ቅርጹ አንድ ቢሆንም ቦታውና ጎረቤቱ ሲቀየር ነፋሱም ይቀየራል።

መሐንዲሶች ለተለመደው ክብ ቁባ የሚጠቀሙበት ስሌት በኮድ ላይ ሰፍሯል። እንደ ሽንኩርት ሆዱ ሰፍቶ ጫፉ ለሾለው ግን ያ ስሌት እንዳለ አይሠራም፤ ትልቅ ከሆነ ሞዴሉ ተሠርቶ በነፋስ መፈተሻ ዋሻ ይሞከራል።

«ለመሐንዲስ የሚከፈል የለንም» ከተባለ ቁባው ይነስ፣ ካልሆነም ይቆይ። ቁባ የሶላት መስፈርት አይደለም፤ ከሥሩ ሱጁድ የሚወርደው ሰው ነፍስ ግን አማና ናት። ግመሉን ሳያስሩ ተወኩል እንደሌለ ሁላችንም ተምረናል። በሚቀጥለው ስብሰባ እጃችሁን አውጡና «ስሌቱ የታለ?» በሉ።

አላህ መስጂዶቻችንን ይጠብቅልን።