ለጊታር ጀማሪ የእናት ጆሮ

ከሥራ ውላችሁ ፉሪ ስትደርሱ ልጃችሁ ጊታር ታቅፎ ቁጥር ከሞላው ወረቀት ጋር ሲታገል ብታገኙት፣ «ጊዜህን አታባክን» ብላችሁ ተስፋ አታስቆርጡት።

ወረቀቱ ታብላቸር ይባላል። ስድስቱ መስመሮች ስድስቱ የጊታር ክሮች ናቸው፤ የታችኛው መስመር ወፍራሙ ክር ነው። 0 ክሩ ሳይጫኑት፣ 3 ደግሞ 3ኛው ፍሬት ላይ ተጭነውት እንዲመታ ያመለክታል።

ይሁን እንጂ ድምፁ ምን ያህል እንደሚቆይ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ አይናገርም። ጀማሪው ጣቱን በትክክል አሳርፎም ዜማው የሚጠፋበት ስለዚህ ነው።

በዚህ ጊዜ የእናት ጆሮ ያስፈልጋል። ክራርም ያለ ወረቀት በጆሮ ሲለመድ ኖሯል። የሚለማመደውን ዜማ፣ ትዝታም ይሁን ባቲ፣ ቀስ ብላችሁ አንጎራጉሩለት፤ ወረቀቱ ያልያዘውን ምት ከእናንተ ይቀበላል።