ዘግይቶ የሚገለጥ ጉዳት፣ ቀድሞ የሚዘጋ መዝገብ

ከወላይታ ሶዶ አርባ ምንጭ የሚደርሰውን መንገድ ሙዝ ጭነው ወደ መሐል አገር የሚጓዙ የጭነት መኪናዎች፣ አውቶቡሶች፣ ባጃጆች፣ ሞተር ብስክሌቶችና እግረኞች በጋራ ይገለገሉበታል። ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ ደግሞ አቀበትና ጠመዝማዛ ይበዛበታል። በእንዲህ ያሉ መንገዶች ላይ በሚደርስ የትራፊክ አደጋ ከሚያጋጥሙ ከባድ ጉዳቶች አንዱ የዳሌ መገጣጠሚያ ስብራትና ውልቃት ነው።

ይህን ጉዳት ከሌሎች የሚለየው ሙሉ መልኩን ዘግይቶ የሚያሳይ መሆኑ ነው። በአደጋው ወደ ጭን አጥንት ራስ የሚደርሰው የደም ዝውውር ከተቋረጠ አጥንቱ ቀስ በቀስ ይሞታል። መገጣጠሚያው ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ይበላሻል። በዚህ ጊዜ የሚቀረው አማራጭ ብዙውን ጊዜ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የመተካት ቀዶ ሕክምና ነው። ተተኪው መገጣጠሚያም ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ባለመሆኑ ወጣት ተጎጂ ዳግም ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። የወለቀ ዳሌ በሰዓታት ውስጥ ወደ ቦታው መመለስ የሚገባው ሲሆን፣ ተጎጂውን አስቀድሞ ወደ ወጌሻ መውሰድ ይህን ውድ ጊዜ ያባክናል።

ሕጉ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳት መልስ አለው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለንብረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። በአንቀጽ 2091 መሠረት ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። አንቀጽ 2092 ደግሞ ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ካሳ እንደሚከፈልበት ይገልጻል። ስለዚህ ሐኪም አይቀሬ መሆኑን ያረጋገጠው የመገጣጠሚያ ቅየራ ወጪ ዛሬውኑ ሊጠየቅ ይችላል።

በ2005 የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለአካል ጉዳት የሚከፈለውን የካሳ ጣሪያ 40 ሺህ ብር፣ የአስቸኳይ ሕክምና ወጪን ደግሞ እስከ 2 ሺህ ብር አድርጎ ነበር የደነገገው። ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው ተሽከርካሪ ለተጎዱ ወገኖችም የመድን ፈንድ እንዲኖር አድርጓል። የገንዘቡ መጠን በየጊዜው ቢስተካከልም ጣሪያው የመድን ሰጪውን ግዴታ እንጂ የባለንብረቱን ኃላፊነት አይገድብም። በርካታ ተጎጂዎች ግን የመድን ክፍያውን የመብታቸው መጨረሻ አድርገው ይወስዱታል።

ሌላው ችግር ጊዜ ነው። በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ ይኖርበታል። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ የበለጠ ጊዜ ሲሰጠው ረጅሙ ይርጋ ተፈጻሚ ይሆናል። ይህን ልዩነት የማያውቅ የገጠር ተጎጂ ሕመሙ ሲጠናበት ጊዜው እንዳለፈበት ሊቆጥር፣ ወይም በእርግጥም ሊያልፍበት ይችላል።

በጋሞ የሽማግሌዎች እርቅና የዱቡሻ ሥርዓት ትልቅ ክብር አለው። መስከረም 2011 የጋሞ አባቶች በአርባ ምንጭ እርጥብ ሣር ይዘው በመንበርከክ ለበቀል የወጡ ወጣቶችን መመለሳቸው ይታወሳል። በመኪና አደጋም እርቁ ቂምን ያርቃል። ይሁንና በአንቀጽ 3312 መሠረት የእርቅ ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ የሚቆጠር በመሆኑ፣ የዛሬውን የሕክምና ወጪ ብቻ አስልቶ የተፈረመ ወረቀት የነገውን ቀዶ ሕክምና በር ሊዘጋ ይችላል። የመፍትሔው ቁልፍ የወደፊት ሕክምና ወጪን በግልጽ የሚያስቀምጥ አንድ አንቀጽ በውሉ ውስጥ ማስገባት እንጂ እርቅን መተው አይደለም።

የሕግ ድጋፍ አስፈላጊነት የሚጎላውም እዚህ ላይ ነው። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላቱ አቅም ለሌላቸው ወገኖች አገልግሎት ይሰጣል። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ ክስ እንዲመሠርት ይፈቅዳል። ሆኖም ከሆስፒታል አልጋ ላይ ያለ ተጎጂ ወደ እነዚህ አገልግሎቶች የሚመራው ሰው ካላገኘ መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

የጋሞ ዞን በ2011 በአዲስ መልክ ከተዋቀረ፣ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልም ነሐሴ 2015 ከተመሠረተ ወዲህ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ተቋማት ይህን ሰንሰለት ማያያዝ ይጠበቅባቸዋል። የትራፊክ ፖሊስ የአደጋ መግለጫውን በወቅቱ ለተጎጂው መስጠት፣ ሆስፒታሎችም የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ከመግለጽ ባሻገር ወደፊት የሚያስፈልገውን ሕክምናና ግምታዊ ወጪ በማስረጃቸው ማስፈር ይኖርባቸዋል። ዐቃቤ ሕግ ተጎጂው የካሳ መብቱንና የይርጋ ጊዜውን እንዲያውቅ፣ የቀበሌ አስተዳደርም ሽማግሌዎች ከማስፈረማቸው በፊት የሕግ ምክር እንዲያገኙ ቢያደርጉ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።

ተጎጂው በምርኩዝ ተደግፎ ወደ እርሻውና ወደ ገበያው መመለሱ ከቀዶ ሐኪሙ ችሎታ ባልተናነሰ፣ መዝገቡ ከመዘጋቱ በፊት በውስጡ በሰፈረው አንድ መስመር ላይ የተመሠረተ ነው።